ቫይረስ ሰውን የሚያሳምመው እንዴት ነው?
ስለ ቢጫ ወባና ስለ ዴዴሳ ሸለቆ



ከመቱ፣ ከጎሬ፣ ከያዮና ከበደሌ ጉባኤዎች ከሚደርሱን ጥያቄዎች መካከል አንዱ እየደጋገመ ይመጣል። ሰው ትኩሳት ይይዘውና ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ደሙ ይመረመርና «ወባ የለብህም፤ ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም» ይባላል፤ ከዚያም መርፌ ሳይወጋ፣ ጥቂት የትኩሳት ማስታገሻ ብቻ ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። «መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ እያለ ስለ ምን ከለከሉን?» ይላሉ ወገኖቻችን። በፕሮጀክት ጣቢያዎች የሚሠሩ ባልደረቦቻችንም ለዚህ ጥያቄ ምን ብለው እንደሚመልሱ እንድንጽፍላቸው ጠይቀውናል።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ለኢሉባቦር ሰው ትኩሳት ማለት ከጥንት ጀምሮ ወባ ማለት ነው። ነጋዴው ከጎሬ ደጋ ወደ ጋምቤላ ወርዶ ሲመለስ፣ ገበሬው ቆላ ያለውን አዝመራ ሰብስቦ ሲወጣ፣ ብርድ ብርድ ካለው «ቡሳ ያዘው» ይባላል፤ መድኃኒቱም የታወቀ ነው። መርፌ ደግሞ በሕዝባችን ዘንድ ትልቅ ክብር አለው፤ ካልተወጉ የታከሙ የማይመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ለአንዱ በሽታ ሕይወት የሚሆነው መድኃኒት ለሌላው ምንም የማይፈይድበት ምክንያት አለ። ያንንም ለመረዳት ቫይረስ የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነና በአካላችን ውስጥ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ የመረጥነው ቢጫ ወባን ነው። የመረጥንበትም ምክንያት ታሪኩ የራሳችን ወንዝ ታሪክ ስለ ሆነና ስሙም ራሱ ሰውን ስለሚያሳስት ነው። ቢጫ ወባ «ወባ» ተባለ እንጂ ከወባ ጋር ዝምድና የለውም።

በዴዴሳና በኦሞ የሆነው

ከበደሌ ወደ ነቀምቴ የሚጓዝ ሰው የሚሻገረው ዴዴሳ ወንዝ ወደ ዓባይ የሚገባ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 ድረስ፣ ማለትም በእኛ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት፣ በዴዴሳና በኦሞ ወንዞች አካባቢ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ወረርሽኝ ተነሣ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በሚኖርበት አገር ከ100,000 እስከ 200,000 የሚሆን ሰው እንደ ታመመ፣ 30,000 ያህሉም እንደ ሞተ ይገመታል። በአፍሪካ ምድር ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ቁጥሩ በግምት የሚነገረው፣ አብዛኛው ሰው የሞተው የመኪና መንገድ በሌለበት፣ ሐኪምም ሆነ ጸሐፊ ባልደረሰበት መንደር ስለ ነበረ ነው። በአንድ ጎጆ ውስጥ አባትና እናት ተከታትለው ሲሞቱ ስማቸውን የጻፈ አልነበረም። በዕድሜ የገፉ ሽማግሌዎች ባሉባቸው ጉባኤዎች የምታገለግሉ፣ ስለዚያ ዘመን ከወላጆቻቸው የሰሙትን ብትጠይቋቸው መልካም ነው፤ ይህ ታሪክ ከሚገባው በላይ ተረስቷል።

በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ የነበረው የፓስተር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች ወደ ስፍራው ወርደው የሰው ደም፣ የዱር እንስሳት ደምና ትንኞች ሰበሰቡ። በሌላ አገር ቢጫ ወባ የወደብና የከተማ በሽታ ሆኖ ይታወቅ ነበር፤ በውኃ ማጠራቀሚያ በርሜልና በእንስራ ውስጥ የምትፈለፈል ትንኝ ታዛምተው ነበርና። በእኛ አገር የሆነው ግን ሌላ ነው። በሽታው የጓሮ በሽታ ነበር። አዛማቿ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው የእንሰት ቅጠል ከግንዱ በሚጋጠምበት ስፍራ በምትቋጠረው ጥቂት የዝናብ ውኃ ውስጥ ነው። ጎደሬና ሙዝም እንደዚሁ ውኃ ይቋጥራሉ። በኢሉባቦር ከቤቱ በስተኋላ ጎደሬ ያልተከለ ገበሬ ማግኘት ቀላል እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ወረርሽኙ ረግረግ መሬት ወይም ትልቅ ኩሬ አላስፈለገውም፤ ሕዝቡን የሚመግበው ተክል ለትንኟም ማሳደጊያ ሆነላት።

በሽታው በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1966 በአርባ ምንጭ አካባቢ ተነሥቶ 450 ያህል ሰው ገደለ። ከዚያም ለረጅም ዓመታት ተዳፍኖ ቆየና በ2013 በደቡብ ኦሞ፣ በ2018 በወላይታ ኦፋ ወረዳ፣ በ2020 ደግሞ በጉራጌ እኖር ኤነር ወረዳ ታየ። በኦፋ ከተጠረጠሩት 35 ሕመምተኞች 10 ሞተዋል። ስለዚህ የምንጽፈው ስላለፈ ዘመን ብቻ አይደለም።

ቫይረስ ምን ዓይነት ነገር ነው?

እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን ሲታይ ፍሬው በዛፉ ላይ እንዳለ እየጠቆረ ይረግፍ ነበር። ያ በሽታ የሻጋታ ወገን ነው። ሻጋታ ሕይወት ያለው ፍጡር ነው፤ ይመገባል፣ ያድጋል፣ ይራባል። የራሱ አካል ስላለው መድኃኒት ቢረጭበት ያ አካል ይመረዛል። የሳንባ ምች የሚያመጡ ባክቴሪያዎችም አንድ አንድ ሕዋስ ያላቸው ፍጡራን ናቸው። የወባ ተሕዋሲም በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ቢደበቅም የራሱ ሕዋስ፣ የራሱ ምግብ አፈጫጨት አለው፤ ኮአርተምም ክሎሮኪንም የሚመቱት ይህንኑ ነው።

ቫይረስ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል። አይመገብም፣ አይተነፍስም፣ አያድግም፣ ብቻውን ሆኖም አይራባም። ከሕዋስ ውጭ እንደ ትቢያ ነው። መጠኑም እጅግ ትንሽ ነው። የቢጫ ወባ ቫይረስ 20,000 ያህሉ ጎን ለጎን ቢሰለፉ አንድ ሚሊሜትር ብቻ ይሞላሉ። በጤና ጣቢያ ያለው፣ የወባን ተሕዋሲ የሚያሳየው ማይክሮስኮፕ ይህን ሊያሳይ አይችልም፤ ላቦራቶሪው «አላየሁም» ቢል ባለሙያው ሰንፎ አይደለም።

በዚህች ቅንጣት ውስጥ ያለው አንድ ክር ነው፤ አር ኤን ኤ ይባላል። በክሩ ላይ 11,000 ያህል ኬሚካላዊ ፊደላት ተደርድረዋል። ከክሩ ውጭ የፕሮቲን ቅርፊት አለ፤ ከዚያም በላይ ቀድሞ ከተራባበት ሕዋስ ይዞት የወጣ ስስ የስብ ልባስ አለ። ሌላ ምንም የለውም። ሠላሳ ሺህ ሰው የጨረሰው ይህ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት እናስብ። ዘበኛ አለው፣ ጸሐፊዎች አሉት፣ ወረቀትና ማባዣ መኪና አለው። አንድ ቀን ማኅተሙ ትክክል የሚመስል ደብዳቤ ይገባል። ደብዳቤው «ሌላውን ሥራ ሁሉ ትታችሁ ይህን ደብዳቤ አባዙ፤ በየፖስታውም አሽጋችሁ ወደ ጎረቤት መሥሪያ ቤቶች ላኩ» ይላል። ጸሐፊዎቹ የመጣላቸውን ትእዛዝ መፈጸም እንጂ መመርመር ሥራቸው ስላልሆነ ያባዛሉ። ወረቀቱም ቀለሙም ያልቃል፤ ባለጉዳይ በደጅ ይቆማል፤ በመጨረሻም መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል። ደብዳቤው እጅ የለውም፣ ጥይትም አልተኮሰም። ቫይረስ ማለት እንዲህ ያለ የሐሰት ደብዳቤ ነው፤ መሥሪያ ቤቱም የሰውነታችን ሕዋስ ነው።

ወደ ሕዋሱ የሚገባበት መንገድ

የያዛት ትንኝ ሰውን ስትነክስ ቫይረሱ ከምራቋ ጋር ከቆዳ ሥር ይገባል። እያንዳንዱ ሕዋስ በላዩ ላይ ልዩ ልዩ በሮች አሉት፤ በእነዚህም ምግብና መልእክት ይቀበላል። የቫይረሱ ቅርፊት ከእነዚህ በሮች አንዱን የሚገጥም ሆኖ ይገኛል። ሕዋሱም የሚጠቅም ነገር የመጣለት መስሎት ቫይረሱን በትንሽ ከረጢት ጠቅልሎ ወደ ውስጥ ይስበዋል።

አሁን የምንጽፈውን ልብ በሉልን። ሕዋሱ እንዲህ ወደ ውስጥ የሳበውን ነገር ለመፍጨት ከረጢቱን ኮምጣጣ ያደርገዋል፤ ሁልጊዜ የሚሠራው ሥራ ነው። ለቫይረሱ ግን ይህ ኮምጣጤ ቁልፍ ነው። ኮምጣጤው ሲነካው የቅርፊቱ ፕሮቲን ቅርጹን ይለውጣል፤ የቫይረሱ ልባስ ከከረጢቱ ግድግዳ ጋር ይዋሐድና ቀዳዳ ይከፈታል፤ ክሩም ወደ ሕዋሱ መካከል ይወጣል። ሕዋሱ ሊያጠፋበት ያዘጋጀው ነገር መግቢያ ሆነለት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። ራይቦዞም የሚባሉት የሕዋሱ ፕሮቲን ሠሪዎች ክሩን ያነባሉ፤ አንድ ረጅም ፕሮቲን ይሠራሉ፤ እርሱም በ10 ይቆራረጣል። ሦስቱ ለአዲሶቹ ቫይረሶች ቅርፊት ይሆናሉ። ሰባቱ ክሩን ያባዛሉ፤ ሕዋሱ ለጎረቤቶቹ የሚልከውንም የማስጠንቀቂያ ድምፅ ያፍናሉ። የተባዙት ክሮች ተጠቅልለው፣ ልባስ ለብሰው፣ ሕዋሱ የራሱን ምርት በሚልክበት መንገድ ይወጣሉ። እያንዳንዱም ወደ ሌላ ሕዋስ ይሄዳል።

ቫይረሶች ሁሉ የሚፈልጉት በር አንድ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የነርቭን በር ያንኳኳል፤ በነርቭም ተከትሎ ወደ አንጎል ይወጣል። የልጅነት ልምሻ በአንጀት ይጀምራል። ኤች አይ ቪ የሚገባው አካላችንን በሚጠብቁት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ነው። ኩፍኝ በትንፋሽ ይገባል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ብዙ ሺህ ሰው የፈጀው የኅዳር በሽታም በትንፋሽ የሚተላለፍ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ነበር። እስከ ዛሬ በኅዳር 12 ቆሻሻ የሚታጠነው ለዚያ መታሰቢያ ነው፤ ጭሱ ኢንፍሉዌንዛን ባያባርርም ሠፈር መጽዳቱን አንቃወምም።

የሁለተኛው ቀን ሐሰተኛ ደስታ

የቢጫ ወባ ቫይረስ በመጀመሪያ በቆዳ ሥር ባሉ ጠባቂ ሕዋሳት ውስጥ ይባዛል፤ እነርሱም ወደ ንፍፊት ይወስዱታል፤ ከዚያ ወደ ደም ይገባል። ከተነከሰ ከ3 እስከ 6 ቀን ውስጥ ሰውየው ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የወገብ ሕመም፣ ማቅለሽለሽ ይጀምረዋል። የሚገርመው፣ ይህ ትኩሳትና ቁርጥማት በአብዛኛው የቫይረሱ ሥራ ሳይሆን የራሳችን መከላከያ የሚያደርገው ውጊያ ነው። የተወረረ ሕዋስ ኢንተርፌሮን የሚባል ንጥረ ነገር ይረጫል። በመንደር ሌሊት ጅብ ሲገባ አንዱ ኡኡ ሲል ጎረቤት ሁሉ በሩን እንደሚቀረቅር፣ በዙሪያው ያሉ ሕዋሳትም ይህን ሰምተው በራቸውን ያጠብቃሉ። ትኩሳቱ የዚያ ጩኸት አንዱ ክፍል ነው።

ከ3 ወይም ከ4 ቀን በኋላ ትኩሳቱ ይበርዳል። አብዛኛው ሰው በዚሁ ይድናል፤ ብዙዎች እንዲያውም መታመማቸውን ሳያውቁ ያልፉታል። ከመቶ 15 ያህል የሚሆኑት ሕመምተኞች ግን አንድ ቀን ያህል ካረፉ በኋላ እንደ ገና ይወድቃሉ። ባልደረቦቻችን ይህን በተለይ እንዲያስተውሉ እንለምናለን። ሰውየው ተነሥቶ ምግብ በልቷል፤ ቤተሰቡ እግዚአብሔርን አመስግኗል፤ ወደ ቡና ለቀማም ሊሄድ አስቧል። በዚያ ቀን ቫይረሱ በጉበቱ ውስጥ ነው።

ጉበት ብዙ ሥራ አለው። ሁለቱን ብቻ እናንሣ። አንደኛ፣ ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ የሚወጣውን ቢጫ ነገር አጣርቶ ያስወግዳል። ሁለተኛ፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕሮቲኖች ይሠራል። የጉበት ሕዋሳት በብዛት ሲሞቱ ቢጫው በደም ውስጥ ይከማችና ዐይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናል፤ ደምም መርጋት ያቅተዋል። ከድድ፣ ከአፍንጫ፣ ከጨጓራ ደም ይፈስሳል። በጨጓራ የፈሰሰው ደም ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ይጠቁርና ሲያስመልስ የቡና አተላ ይመስላል። ኩላሊትም ይደክማል፤ ሽንት ይቀንሳል። እዚህ ደረጃ ከደረሱት ግማሽ ያህሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይሞታሉ።

ዐይን ቢጫ የሚያደርገው ቢጫ ወባ ብቻ አይደለም፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነው። የበረታ ወባ ቀይ ሕዋሳትን በብዛት ሲያፈርስ ዐይን ቢጫ ይሆናል። ሕዝባችን «የወፍ በሽታ» የሚለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌሎች የጉበት ቫይረሶች የሚያመጡት ነው፤ አንዳንዶቹ በተበከለ ውኃና ምግብ፣ ሌሎቹ በደምና ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋሉ። የሌሊት ወፍ በላዩ ስለ በረረች ወይም ስለ ሸናችበት ነው የሚባለውን ሰምተናል፤ ይህ እውነት አይደለም። እንዲህ የሚሉትን ግን አንሣቅባቸው፤ የዐይኑን ቢጫነት ያስተዋሉት እነርሱ ናቸው፣ ማስተዋላቸውም ይጠቅመናል።

መርፌው የማይረዳው ስለ ምን ነው?

አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ መመለስ እንችላለን። ፔኒሲሊን ባክቴሪያን የሚገድለው ባክቴሪያው የራሱን ግድግዳ እንዳይሠራ በመከልከል ነው። ቴትራሳይክሊን የባክቴሪያውን ራይቦዞም ያስራል። ቫይረስ እንዲህ ያለ ግድግዳ የለውም፤ ራይቦዞምም የለውም፤ የሚሠራው በእኛው ራይቦዞም ነው። መድኃኒቱ የሚመታው ነገር አያገኝም። ቫይረሱ የሚጠቀምበትን ሁሉ እንምታ ብንል የምንመታው የራሳችንን ሕዋስ ነው። ደብዳቤውን ለማጥፋት መሥሪያ ቤቱን ማቃጠል ይሆናል።

ሆኖም መንገዱ ፈጽሞ ዝግ አይደለም። ቫይረሱ ይዞት የሚመጣው፣ በእኛ ሕዋስ ውስጥ የሌለ መሣሪያ ሲገኝ እርሱን መምታት ይቻላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒቶች የሚሠሩት እንዲህ ነው፤ በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በነጻ መሰጠት ከጀመሩ ወዲህ በየጉባኤያችን ስንት ወላጆች ልጆቻቸውን አሳድገው እንዳዩ እናንተ ታውቃላችሁ። ለቢጫ ወባ ግን እንዲህ ያለ የተረጋገጠ መድኃኒት አልተገኘም። ሕክምናው ሕመምተኛውን ማገዝ ነው፤ ፈሳሽ መስጠት፣ ትኩሳቱን በፓራሲታሞል ማብረድ፣ ኩላሊትንና ደምን መከታተል። አስፕሪን መስጠት ግን ደም መፍሰስን ስለሚያብስ አይገባም። ይህን በገበያ ቀን ከየሱቁ መድኃኒት ለሚገዙ ሁሉ ንገሩልን።

ትልልቅ ሰዎችም በዚህ ነገር ተሳስተዋል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ሂዴዮ ኖጉቺ የሚባል የታወቀ ጃፓናዊ ተመራማሪ የቢጫ ወባ ምክንያት አንድ ባክቴሪያ ነው ብሎ አስተምሮ ነበር። ለማረጋገጥ ወደ አክራ ሄደና በ1928 በዚያው በቢጫ ወባ ሞተ። ከእርሱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አድሪያን ስቶክስ የሚባል ሐኪም በሌጎስ በዚያው ምርምር ላይ ሳለ በዚሁ በሽታ ሞቷል። ስቶክስና ጓደኞቹ ግን በ1927 አሲቢ ከሚባል በዛሬዋ ጋና ከሚኖር ሕመምተኛ ደም እውነተኛውን ቫይረስ አግኝተው ነበር። አሲቢ ዳነ። ከእርሱ ደም የተገኘውን ቫይረስ ማክስ ታይለር የሚባል ሳይንቲስት በአይጥና በጫጩት ሽል ሕዋሳት ውስጥ ደጋግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው እያዛወረ አሳደገው። ቫይረሱም ጉበት የመጉዳት ኃይሉን አጣ፤ መልኩ ግን አልጠፋም። በ1937 ክትባት ሆኖ ወጣ። ታይለር በ1951 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ክትባቱ የሚሠራው ሰውነታችን ያየውን ጠላት ስለማይረሳ ነው። የደከመው ቫይረስ ሲገባ መከላከያችን መልኩን ይማራል፤ አንቲቦዲ የሚባሉ ፕሮቲኖችንም ይሠራል። እነዚህ በቫይረሱ ቅርፊት ላይ ተለጥፈው በሩን እንዳይገጥም ያደርጉታል። ደብዳቤው ከዘበኛው ሳያልፍ ይቀደዳል ማለት ነው። አንድ ጊዜ የተሰጠ የቢጫ ወባ ክትባት ዕድሜ ልክ እንደሚጠብቅ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 አስታውቋል። ከተወጉ በኋላ 10 ቀን ያህል እስኪያልፍ ግን መከላከያው አይጸናም፤ ስለዚህ ወረርሽኝ ከገባ በኋላ የሚደረግ ክትባት ሁልጊዜ ከኋላ የሚሮጥ ነው። ከ6 ወር በታች ላሉ ሕፃናት፣ ለዕንቁላል ከባድ አለርጂ ላለባቸውና የመከላከል ኃይላቸው እጅግ ለደከመ ሰዎች አይሰጥም። «ጸሎት እያለ ክትባት ለምን?» የሚሉ አንዳንድ ምእመናን አሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክትባቱን ይዛ በመንደራቸው በር ስትቆም የጸሎታቸው መልስ የመጣ ይመስለናል።

በጫካው ያለው ቫይረስ

ፈንጣጣ ከኢትዮጵያ የጠፋው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው፤ የመጨረሻው ሕመምተኛ በነሐሴ ወር በባሌ ተገኘ። ቢጫ ወባንስ እንዲሁ ማጥፋት አይቻልምን? አይቻልም። ፈንጣጣ ከሰው በቀር ማደሪያ አልነበረውም፤ ከሰው ሲወጣ አለቀ። የቢጫ ወባ ቫይረስ ግን የዱር ቤት አለው። በጫካ ውስጥ ከዝንጀሮ ወገን ወደ ዝንጀሮ ወገን፣ በዛፍ ጉድጓድ ውኃ በምትፈለፈል ትንኝ አማካይነት ይዞራል። የአፍሪካ ዝንጀሮዎች ቫይረሱ ቢይዛቸውም አብዛኛውን ጊዜ ሳይታመሙ ያልፋሉ፤ ስለዚህ ጉሬዛ ሞቶ በመታየቱ አንጠነቀቅም። የያያዘችው ትንኝም ቫይረሱን ለእንቁላሎቿ ልታወርስ ትችላለች፤ እንቁላሉ በጋውን ደርቆ ይቆይና ዝናብ ሲመጣ ይፈለፈላል።

በመቱ፣ በያዮና በሶር ወንዝ ዙሪያ ያለው የቡና ጫካ የእግዚአብሔር በረከት ነው፤ ጉሬዛዎቹም ጭምር። እነርሱን መግደል በሽታውን አያርቅም፤ እንዳይደረግም አጥብቀን እንመክራለን። ጓሮው ግን በእጃችን ነው። በየሳምንቱ የተጣለ ቆርቆሮንና ጎማን መገልበጥ፣ የውኃ በርሜልን መክደን ይቻላል። ጎደሬንና እንሰትን ንቀሉ አንልም፤ ሕዝብን አስርቦ ከትንኝ ማዳን የለም። እነዚህ ትንኞች በቀን የሚነክሱ ስለ ሆኑ አጎበር እንደ ወባው ያህል አይረዳም። ነገር ግን ትኩሳት የያዘው ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በቀንም ቢሆን በአጎበር ውስጥ ቢተኛ፣ ትንኝ ከእርሱ ወስዳ ለቤተሰቡ እንዳታካፍል ይከለክላል።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይህ ለመንደርም ይሠራል። ድንገት ትኩሳት ይዞት በ14 ቀን ውስጥ ዐይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ስታዩ፣ የወባ ምርመራው «አለ» ቢልም እንኳ፣ በዚያው ዕለት ለጤና ጣቢያው አስታውቁ። ሁለት በሽታ ባንድ ሰው ላይ ሊገኝ ይችላልና። ሕመምተኛው ደም ከፈሰሰው ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ለነገ አትበሉ፤ ወደ መቱ ካርል ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል የሚወስደውን መኪና ፈልጉ። በአንድ ቀበሌ ሁለት ሦስት ሰው እንዲህ ሆኖ ከታየ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሳይሰማ አይደር።

ጤና ጣቢያው ደም ቀድቶ ወደ አዲስ አበባ ሲልክ ሠራተኞቻችን በመጓጓዣ ይረዱ ዘንድ ልንጠየቅ እንችላለን። ደሙ ከነቅዝቃዜው መድረስ አለበት። ከብልቃጡ ጋር የሚሄደው ወረቀት ላይ የሕመምተኛው ስምና ቀበሌ ብቻ ሳይሆን ትኩሳቱ የጀመረበት ቀን መጻፍ አለበት። ቫይረሱ ራሱ በደም ውስጥ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ነው፤ አንቲቦዲው ደግሞ ከአምስተኛው ቀን ገደማ ጀምሮ ይታያል። ቀኑ ካልታወቀ የላቦራቶሪው ባለሙያ የትኛውን መፈለግ እንዳለበት አያውቅም። ስለዚህ ወደ ሕመምተኛው ቤት ስትገቡ እናቱን ወይም ሚስቱን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቀኑን በቁጥር ባያስታውሱት እንኳ «በመቱ ገበያ ማግስት ነው» ወይም «እሑድ ከጸሎት ቤት ሲመለስ ነው» ይሏችኋል፤ ያንን ወደ ቀን ለውጣችሁ ጻፉት።